ኤስኤስዲህ ቀርፋፋ ነው? መጀመሪያ ዊንዶውህ የት እንዳለ እየው፦ ለሰባቱ መፍትሄዎች ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረ ጽሑፍ አለ፣ ኤስኤስዲ (እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ገብቶለት አሁንም ለሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ ሰባት መፍትሄ እነሆ የሚል። ሶስት ሰው ላከልኝ። አንደኛዋ ሰፈራችን ኮፒ ቤት ያላቸው እትዬ ናቸው፣ እሳቸው ግን የላኩልኝ ግማሹን ካስተገበሩ በኋላ ነው፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን ራሱን በፌስታል ይዘው መጡ። ሰባቱ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ በየሳምንቱ ዲፍራግ አርግ (የተበታተነውን ፋይል ሰብስብ)፣ ፉል ፎርማት አርገህ ዊንዶው እንደገና ጫን፣ ፔጅ ፋይልን (ራም ሲሞላ ዊንዶው ከዲስኩ ላይ የሚበደረውን ቦታ) እና ሲስሜይን የሚባለውን ሰርቪስ (አዘውትረህ የምትከፍተውን ፕሮግራም ቀድሞ ራም ላይ የሚጭነውን) አጥፋ፣ ራይት ካሽ (የሚጻፈው ዳታ ዲስኩ ላይ ከመስፈሩ በፊት ለጊዜው የሚቆይበት) ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርግ፣ ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ኤስኤስዲ ግዛ ምክንያቱም ሁሌም ፈጣን ነው፣ ዲስክህን አታጨናንቅ፣ ይሄ ሁሉ ካልሰራ ደግሞ ኤስኤስዲው ዕድሜው አልቋል አዲስ ግዛ።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፈው ያስታውቃል፣ ስድብ ውስጥ አልገባም። ግን ከሰባቱ ዝም ብሎ ትክክል የሆነው አንዱ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ዳታህን ይዘውብህ ሊሄዱ ይችላሉ፣ ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ደግሞ የተጻፈው ሳይሆን የቀረው ነው፦ መቼ ነው የሚቀረፈፈው ብሎ አንድም ቦታ አይጠይቅም። ሲነሳ ነው? ትልቅ ፋይል ስትገለብጥ ነው? ክሮም ላይ ሃያ ታብ ስትከፍት ነው? ወይስ ደህና ሲሰራ ቆይቶ ሲግል ነው? እነዚህ አራቱ አራት የተለያየ ነገር ናቸው እኮ፣ ለአራቱም አንድ ማዘዣ ወረቀት ጽፎ መስጠት ምን የሚሉት ሕክምና ነው።

የእትዬን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰባቱንም ብትሞክራቸው ይሄንን አንዱም አያገኘውም ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ያን ያህል ብር ከፍዬ ያስገባሁት ከድሮው በምን ተሻለ?" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

"ምን ላይ ነው የሚያስቸግርዎት እትዬ?"

"ሁሉም ላይ! ጠዋት ስከፍተው እኮ አቦሉን ጠጥቼ እጨርሳለሁ።"

ከፈትነው፣ እውነትም አቦል ይደርሳል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን አወጣሁ፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገባሁ። ግራ በኩል ሁለት ዲስክ ተደርድሯል። ዲስክ 0፣ ሲ፣ ከስሩ ኤችዲዲ (ሃርድ ዲስክ) ይላል፣ 100%። ዲስክ 1፣ ዲ፣ ከስሩ ኤስኤስዲ ይላል፣ 0%። በቃ ይሄው ነው። ኤስኤስዲውን ያስገባላቸው ሰው ዲቪዲውን አውልቆ በካዲ (በዲቪዲው ልክ በተሰራ መያዣ) እዚያ ከቶላቸው፣ ዊንዶውን ግን ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ሳያነሳው ሸኝቷቸዋል። አዲሱ ኤስኤስዲ ባዶ ዲ ሆኖ ተኝቷል፣ አሮጌው ዲስክ እንደ ድሮው ብቻውን ይለፋል። እሳቸው ደግሞ ጽሑፉን አምነው ሲን ሁለቴ ዲፍራግ አስደርገዋል፣ እሱስ ሃርድ ዲስክ ስለሆነ አልጎዳም፣ የሳቁት ግን እኔ ስስቅ አይተው ነው።

ይሄ ብርቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ከዩዝድ ላፕቶፕ ጋር በብዛት የሚያጋጥም ነው። ኤስኤስዲ መግባቱና ዊንዶው ኤስኤስዲ ላይ መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መፍትሄውም አዲስ ዕቃ አልጠየቀም፦ ዊንዶውን በክሎን ሶፍትዌር (ዲስኩን እንዳለ በሚገለብጥ) ወደ ኤስኤስዲው አዛወርኩት፣ ኤስኤስዲውን በሃርድ ዲስኩ ቦታ አስገባሁት፣ ሃርድ ዲስኩን ወደ ካዲው ገፋሁት። አሁን ሰላሳ ሴኮንድ ሳይሞላ ዴስክቶፕ ላይ ናቸው።

ቦታ ለምን አቀያየርክ የሚል ካለ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል ነፃ ሶፍትዌር አለች፣ ትራንስፈር ሞድ የሚል መስመር ላይ በመሃል ሰረዝ የተለያዩ ሁለት ነገሮች ታሳያለች። የቀኙ ዲስኩ የሚችለው ነው፣ የግራው አሁን እየሄደበት ያለው። የእትዬ ኤስኤስዲ ካዲው ውስጥ እያለ ግራው ሳታ 300፣ ቀኙ ሳታ 600 ይል ነበር። የድሮ ላፕቶፖች ላይ የዲቪዲው ማስገቢያ ብዙ ጊዜ ሳታ 2 ነው (ሳታ ዲስክን ከማዘርቦርድ ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው)፣ 3 ጊጋቢት፣ በተግባር 280 ሜጋባይት በሴኮንድ አካባቢ ላይ ይቆማል፣ ዋናው ማስገቢያ ሳታ 3 ከሆነ ግን 550 አካባቢ ይደርሳል። እውነቱን ለመናገር ለዎርድና ለኤክሴል ይሄ ልዩነት ብዙም አይታወቅም፣ ግን በነፃ የሚገኝን ለምን ይተዋል።

እሺ አሁን ወደ ነጥቦቹ።

ዲፍራግ። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና ወዲያ ወዲህ የሚሄድ መርፌ መሳይ ነገር አለው፣ ፋይሉ ከተበታተነ መርፌው ሲሮጥ ይውላል፣ ስለዚህ መሰብሰብ ይጠቅመዋል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሮጥ ነገር የለም። ላይ ሆነህ ተሰበሰበ ብለህ የምታየው ፋይልም ውስጥ ያለው ኮንትሮለር (ኤስኤስዲውን የሚመራው ቺፕ) በራሱ ካርታ በትኖ ነው ያስቀመጠው፣ አንተ ያተረፍከው ዝም ብሎ መጻፍን ነው። የሚገርመው ዊንዶው ራሱ ይሄንን ያውቃል፣ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ የሚለውን ክፈት፣ ዓይነቱ ሶሊድ ስቴት ድራይቭ ካለ ኦፕቲማይዝ ስትለው በዋናነት የሚልከው ትሪም የሚባል ትእዛዝ ነው። (ሲስተም ሪስቶር ከበራ አልፎ አልፎ ትንሽ ዲፍራግም ያረጋል፣ ይሄንን አውቃለሁ፣ ግን ራሱ ይወቅበት፣ አንተ ከውጪ ሌላ ሶፍትዌር አውርደህ በየሳምንቱ አታሰቃየው።) ኤስኤስዲህን ሃርድ ዲስክ ነው ብሎ ካሳየህ ግን ዊንዶው አላወቀውም ማለት ነው፣ ያኔ እሱን ማስተካከል ተገቢ ነው።

ትሪም ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ ስሟ እንኳን አልተነሳችም፣ ከሁሉም መነሳት የነበረባት እሷ ሆና። ኤስኤስዲ የተጻፈበት ቦታ ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም፣ መጀመሪያ መደምሰስ አለበት፣ ሲደመስስ ደግሞ ትንንሹን ለይቶ ሳይሆን በትልልቅ ብሎክ ነው፣ ስለዚህ ብሎኩ ውስጥ ገና የሚፈለግ ዳታ ካለ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ይለዋል። አንተ ፋይል ስትሰርዝ ዊንዶው መዝገቡ ላይ ተሰረዘ ይላል እንጂ ኤስኤስዲው የሚያውቀው ነገር የለም፣ ያንን ቆሻሻ እንደ ንብረት እየተሸከመ ያዘዋውረዋል። ትሪም ማለት ዊንዶው ይሄ አይፈለግም ጣለው ብሎ የሚነግርበት መንገድ ነው። ከዊንዶው 7 ጀምሮ አለ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ2009 ወዲህ፣ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካው ይሰራል። ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ ውስጥ በየሳምንቱ ትሪም የምትልከዋን ስኬጁል ኮምፒውተር ያፈጥናል በሚል ሶፍትዌር ካላጠፋሃት በስተቀር።

ፉል ፎርማት። ወንድማችን ፎርማት ፈውስ ነው ብሎ ያምናል፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለ ቴክኒሻን ሁሉ እንደሚያምነው። ላፕቶፑ ስታክ አረገ? ፎርማት። ቻርጅ አላደርግ አለ? ፎርማት ይላል እኮ የቸገረው። ዊንዶው ሲቆሽሽ እንደገና መጫን ይረዳል፣ አልክድም። ግን ፉል የሚለውን ለምን መረጠ? ከዊንዶው ቪስታ ጀምሮ ፉል ፎርማት ማለት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ መጻፍ ነው፣ ኤስኤስዲ ላይ ያለ ጥቅም ሙሉውን አንዴ መጻፍ ማለት ነው። ኩዊክ ይበቃል። ደግሞ ዳታህን ሌላ ቦታ ገልብጥ የሚል አንድ ቃል የለውም፣ ሰው ኮ የምረቃ ጽሑፉን ዴስክቶፕ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

ለፎርማት አንድ ነገር ልስጠው፣ ፍትሃዊ ለመሆን። የሳምሰንግ 840 ኢቮ የሚባለው ኤስኤስዲ ላይ በ2014 የታወቀ ችግር ነበር፣ አዲስ የተጻፈው ዳታ በፍጥነት ይነበባል፣ ወራት የቆየው ግን በጣም ተጎትቶ ነው የሚነበበው። እንደገና ስትጽፈው ደህና ይሆናል፣ ስለዚህ ያኔ ፎርማት አርጎ ዊንዶው የጫነ ሰው ፈጠነልኝ ቢል አልዋሸም። ግን ከወራት በኋላ ይመለስ ነበር። ኩባንያው በጥቅምት 2014 በፈረንጆቹ ፈርምዌር (ኤስኤስዲው ራሱ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር) አወጣ፣ አልበቃም፣ በሚያዝያ 2015 ደግሞ ሁለተኛ አወጣ። እንግዲህ እውነተኛ የኤስኤስዲ በሽታ ሲሆን መድኃኒቱ ፈርምዌር አፕዴት ነበር፣ እሱ ደግሞ ሰባቱ ውስጥ የለም።

ፔጅ ፋይልና ሲስሜይን። 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ፔጅ ፋይል ማጥፋት ማለት ሰውዬው ዕዳ ስላበዛ የሚያበድረውን ማባረር ነው፣ ዕዳው አይጠፋም እንጂ። ራም ሲሞላ ክሮም ታቡን ይጥለዋል ወይ ፕሮግራሙ ራሱ ይዘጋል። ፔጅ ፋይሉ ሌት ተቀን ከሰራ ችግሩ ራሙ ነው፣ ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ 90 ምናምን ፐርሰንት ካየህ ኤስኤስዲውን ተወው፣ ራም ጨምር፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ካልሆነ። ሲስሜይንን ብታጠፋው ግን ኤስኤስዲ ላይ ብዙ አይጎዳህም፣ ብዙም አይጠቅምህም፣ እሱ ላይ አልከራከርም።

ራይት ካሽ ላይ ግን እከራከራለሁ፣ አምርሬ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስኩ ላይ ገብተህ ፖሊሲስ የሚል ጋ ሁለት ሳጥኖች አሉ። የመጀመሪያዋ ራይት ካሺንግ ናት፣ ስትገዛው ጀምሮ በርታለች፣ ተዋት። ሁለተኛዋ ያንን ካሽ ወደ ዲስኩ አራግፍ የሚለውን ትእዛዝ የምታስቆም ናት። ከስሯ ማይክሮሶፍት ራሱ ጽፎታል፣ ዕቃው መብራት ሲጠፋ ዳታ እንዳይጠፋ የሚያረግ የራሱ የኃይል ምንጭ ከሌለው ምልክት አታድርግ ይላል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው ትሉኝ ይሆናል፣ እስቲ ዙሪያችሁን እዩ፣ ባትሪው የሞተ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ብቻ የሚሰራ ላፕቶፕ ስንት አለ? እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ስልክ ደውሎ አይደለም የሚሄደው። ያቺ ሳጥን ላይ ምልክት አርገህ መሃል ላይ መብራት ከሄደ የሚጠፋው አንድ ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ፋይል ሲስተሙ ራሱ ተበላሽቶ ዊንዶው አልነሳም ሊል ይችላል። ለዚህ ሁሉ የምታገኘው ቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ ሶፍትዌር) ላይ የምታምር ቁጥር ናት። እባካችሁ ያረጋችሁ ካላችሁ አሁኑኑ አንሱት።

ኤም ዶት ቱ ሁሌም ፈጣን ነው? አይደለም። ኤም ዶት ቱ የቅርጹ ስም ነው፣ ያቺ እንደ ማስቲካ ቀጭንና ረዘም ያለችው። ውስጧ ሳታ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ከድሮው ባለ ሳጥን ኤስኤስዲ ጋር እኩል 550 አካባቢ ነው። ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የፈጠነው አዲሱ ዓይነት) ከሆነ ጀን 3 የሚባለው ትውልድ በአራት መስመር እስከ 3500 ሜጋባይት በሴኮንድ፣ ጀን 4 እስከ 7000 ገደማ ይሄዳል። የላፕቶፑ ማስገቢያ ደግሞ የራሱ ወሰን አለው፣ ሳታ ብቻ የሚቀበል አለ፣ ኤንቪኤምኢ ብትሰካበት ጭራሽ አያየውም፣ ሁለት መስመር ብቻ የሚሰጥም አለ፣ ያኔ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በግራ ኤክስ 2 በቀኝ ኤክስ 4 ብላ ታጋልጠዋለች። ከመግዛትህ በፊት የላፕቶፕህን ሞዴል ቁጥር አይተህ ማስገቢያው ምን እንደሚቀበል አረጋግጥ፣ ሻጩ ሁሉም ይገጥማል ይልሃል፣ መግጠሙማ ይገጥማል።

አሁን ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው፣ እኔ ግን በገዛ ብሬ የተማርኩት ነገር። አንድ ቴራ ርካሽ ኤስኤስዲ ገዛሁ፣ ስሙን ተዉት፣ ከፊልም ቤት የሞላሁትን 70 ጊጋ ምናምን መገልበጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ 450 ሜጋባይት በሴኮንድ ይላል፣ ደስ ብሎኝ ሻይ ላመጣ ሄድኩ፣ ስመለስ ያቺ አረንጓዴ ግራፍ ከገደል እንደወደቀ ሰው ቁልቁል ወርዳ 50 ላይ ተኝታለች። ተበላሸ ብዬ ነቅዬ ሰካሁ፣ ካርቶኑን ፈልጌ ላስመልስ ተነስቼ ነበር። አልተበላሸም፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተሰራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ኪውኤልሲ ናቸው፣ አንዷ ሴል ውስጥ አራት ቢት ይጠቀጥቃሉ፣ ስለዚህ አንዷ ሴል 16 ዓይነት የቮልቴጅ ደረጃ ለይታ መያዝ አለባት፣ ይሄንን በትክክል መጻፍ ጊዜ ይፈጃል። ይሄ እንዳይታወቅባቸው የተወሰነውን ቦታ አንድ አንድ ቢት ብቻ እየያዘ በፍጥነት እንዲቀበል ያረጉታል፣ ኤስኤልሲ ካሽ ይባላል። ድግስ ቤት አስቡት፣ ዕቃ ሲመጣ ሳሎን ላይ ጣል ጣል ይደረጋል፣ ሰው ሲረግብ ቀስ ተብሎ ወደ ጓዳ ይገባል። ዕቃው ሳያቋርጥ ከመጣ ግን ሳሎኑ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ በር ላይ የቆመው ሁሉ ጓዳው እስኪደረደር ይጠብቃል። ይሄ የኔ ግምት አይደለም፣ ሳምሰንግ ለ870 ኪውቪኦ ባለ 1 ቴራው ራሱ አውጥቶታል፦ ካሹ እስከ 42 ጊጋ፣ ካሹ ካለቀ በኋላ 80 ሜጋባይት በሴኮንድ። 80! የሚሽከረከረው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ 100 አካባቢ ይጽፋል እኮ። ደግሞ ብዙዎቹ ላይ ካሹ የሚወሰደው ከባዶው ቦታ ስለሆነ ዲስኩ በሞላ ቁጥር ሳሎኑም እየጠበበ ይሄዳል።

ስለዚህ ዲስክህን አታጨናንቅ የሚለው ስድስተኛው ነጥብ ልክ ነው፣ እንዲያውም ምክንያቱን ቢያስረዳ ኖሮ የጽሑፉ ጌጥ ይሆን ነበር። እኔ ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ባዶ አስቀምጣለሁ። እና ትልቅ ፋይል ሁሌ የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ ቪዲዮ ኤዲት የሚያረግ ለምሳሌ፣ ኪውኤልሲውን ትቶ ቲኤልሲ (በአንድ ሴል ሶስት ቢት የሚይዘውን) ይግዛ፣ አቅሙ ካለ ዲራም (ለካርታው የሚሆን የራሱ ፈጣን ሜሞሪ) ያለውን። ኮፒ ቤት ላለ ሰው ኪውኤልሲ ምንም አይለውም፣ በቀን 40 ጊጋ ማን ይጽፋል። (16 ቴራ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ በእራት ዋጋ አገኘሁ የሚል ካለ፣ እሱ ካሽ አይደለም የጎደለው፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ነው፣ ቁጥሩን እየዋሸ።)

ሙቀትም በአንድ መስመር ይለፍ፦ ኤንቪኤምኢ ብዙዎቹ 70 ዲግሪ አልፈው ሲሄዱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠህ ጌም ስትጫወት ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚቀረፈፍብህ ከሆነ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አርገው።

የመጨረሻው፣ ዕድሜው አልቋል አዲስ ግዛ የሚለው። በቁጥር እንየው። የሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 500 ጊጋው ዋስትናው 5 ዓመት ወይ 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው፣ የቀደመው። በቀን 20 ጊጋ ብትጽፍ፣ ይሄ ለቢሮ ሰው ብዙ ነው፣ 15 ሺህ ቀን ማለት ነው፣ 41 ዓመት። ላፕቶፑ ራሱ ማጠፊያው ቀድሞ ይሰበራል። ኤስኤስዲ አይሞትም አላልኩም፣ ይሞታል፣ ያውም ብዙ ጊዜ በኮንትሮለሩ በኩል፣ ሳይናገር። ግን መቀርፈፍ ብቻውን የሞት ምልክት አይደለም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ሄልዝ ስንት ፐርሰንት ነው? ሳታ ከሆነ 05 የሚለው መስመር (ተበላሽቶ በሌላ የተተካውን ቦታ የሚቆጥረው) እየጨመረ ነው? ከጨመረ ምንም ሳትነካ ዳታህን ገልብጥ፣ ከዚያ ስለ መግዛት እናወራለን።

እዚህ ላይ እኔም ንጹህ አይደለሁም። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑ በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ደቂቃ ድርቅ ይልበት ነበር፣ አይቼ ኤስኤስዲህ ሞቷል አልኩት፣ ልክ እንደ ጸሐፊው። ገዛ። አዲሱም ድርቅ አለ። "ጋሼ፣ ይሄም ሞቷል እንዴ?" አለኝ፣ እያሾፈ ይሁን ከልቡ አልገባኝም። ያኔ ነው ሲ7 የሚለውን መስመር ያየሁት፣ ሲአርሲ ኢረር (ዳታ ሲተላለፍ መንገድ ላይ የተበላሸውን) የሚቆጥረው። ሶፍትዌሯ ቁጥሩን በሄክስ (በአስራ ስድስት ቤት አቆጣጠር) ነው የምታሳየው፣ ከሴቲንጓ ወደ ተራ ቁጥር ቀየርኩት፣ ገና አንድ ሳምንት ያልሞላው ዲስክ ላይ ከአራት መቶ በላይ። ይሄ ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፌ ትንሽ ፋይል ገልብጬ ደግሜ አየሁት፣ ጨምሯል። ሲ7 ሲጨምር ዲስኩና ማዘርቦርዱ እየተነጋገሩ መሃል ላይ እየተደናቆሩ ነው ማለት ነው፣ መሃላቸው ያለው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያቺ እንደ ሪባን የምትተጣጠፍ ጠፍጣፋ ኬብል። ሲከፈት ሲዘጋ ጥጉ ላይ ተሰንጥቃለች። የኬብሏ ዋጋ የኤስኤስዲውን አንድ አስረኛ አልሞላም፣ ቀየርናት፣ ሞቷል ያልኩት የድሮው ኤስኤስዲ እስካሁን የእህቱ ላፕቶፕ ውስጥ እየሰራ ነው።